የቤተሰብ ፎቶ ከደጅ፦ በአዲስ አበባ ከቀጠሮ እስከ ፍሬም

ከደጅ የሚነሳ የቤተሰብ ፎቶ የሚባለው አያት፣ ወላጅ፣ ልጅና የልጅ ልጅ በቀጠሮ ተሰብስበው ከፎቶ ቤት ውጭ በተፈጥሮ ብርሃን የሚነሱት ነው። በአዲስ አበባ እንጦጦ፣ ጉለሌ እፅዋት ማዕከል፣ የሆቴል ግቢዎች እና የቤተሰቡ የራሱ ጓሮ የተለመዱ ቦታዎች ናቸው። ሥራው በሰርግ ፎቶ ጥላ ሥር ስለኖረ በአማርኛ ተሰብስቦ የተጻፈለት እምብዛም ነው። ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው ከታሪክ መዛግብት፣ ከካሜራና ከሶፍትዌር መመሪያዎች፣ ይልቁንም ጸሐፊው በልጅነቱ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ካየውና በኋላም በራሱ ከሠራው ነው። የዲጂታሉ ዘመን ሰፍቶ የቀደመው ጠብቦ ቢገኝ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከፎቶ ቤት ወደ ደጅ

በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ካሜራ ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ እንግሊዝ ውስጥ በዋይት ደሴት በፎቶ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ ተነሣ። ከቀደምት የኢትዮጵያውያን ፎቶዎች አንዱ እንግዲህ ወላጆቹን ያጣ ልጅ ፎቶ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ ለቤተ መንግሥት ፎቶ አነሡ። ካሜራው ከቤተ መንግሥት ወደ መኳንንቱ፣ ከመኳንንቱም ወደ ከተሜው ወረደ፤ ፎቶ ቤት ሄዶ በቀለም በተሳለ መጋረጃ ፊት መነሣትም የወግ ሰው ምልክት ሆነ። በደርግ ዘመን የፎቶ ቤቱ እንጀራ ባመዛኙ ጉርድ ፎቶ ነበር።

በፊልም ዘመን ፎቶ ቤቱ ማንሣትና ማጠብ ብቻ አልነበረም ሥራው። ኔጌቲቩ (ኅትመቱ የሚወጣበት የታጠበው ፊልም) ተቆርጦ በፖስታ ይገባል፣ ፖስታው ላይ ቁጥር ይጻፋል፣ ቁጥሩ በመዝገብ ይሰፍራል። እኔ በተማርኩበት ቤት መዝገቡን የሚነካው ባለቤቱ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ብቻ ነበሩ። ለለቅሶ የሚሆን ፎቶ የጠፋበት ቤተሰብ ሌሊት ላይ በር ሲያንኳኳ ጋሼ ፋኖስ ይዘው ገብተው ከ20 ዓመት በፊት የተነሣውን ያወጡ ነበር። በጥንቃቄ የፒያሳን ፎቶ ቤቶች የሚስተካከል አልነበረም ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍልም፣ ፖስታዎቹ የሚቀመጡበት የኔጌቲቩ ሣጥንም አብረው ቀሩ። ጨለማው ክፍል በመቅረቱ ማንም ብዙ አልተጎዳም። ሣጥኑ ግን ተተኪ አላገኘም፤ ፎቶ አንሺው ካሜራውን አንግቶ ከቤት ሲወጣ መዝገብ ያዡን ጥሎት ወጣ። ከዚህ በታች የሚዘረዘረው የሥራ ሂደት ባብዛኛው ያንን ሣጥን በልማድ መተካት ነው።

ወደ ደጅ መውጣቱ የተስፋፋው በሰርግ «ፎቶ ፕሮግራም» በኩል ነው። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲከፈቱ ቦታው በዛ። ብዙዎቹ ለሙያ ካሜራ ለብቻ ስለሚያስከፍሉ ክፍያውንና የፈቃዱን ነገር ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ አይታሰብም።

ቀጠሮና ብርሃን

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ቀጥ ትላለች፤ በሌላውም ጊዜ ቢሆን ቀትር ላይ ከፍ እንዳለች ናት። በዚህ ሰዓት የተነሣ ሰው ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ይገባና የታመመ ይመስላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ እንጦጦም ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ብርሃኑ ይከርራል፣ ጥላው ይጠቁራል።

ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ገደማ እስከ 12 ከ50 ባለው ውስጥ ነው። አወራረዷም ቀጥ ያለ ነው፤ በሰዓት ወደ 15 ዲግሪ ስለምትወርድ የመጨረሻዋን 6 ዲግሪ የምትጨርሰው በ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ሰሜን አውሮፓ የሚኖሩ ፎቶ አንሺዎች የሚያወሩለት ረጅም ወርቃማ ምሽት እኛ ዘንድ የለም። ስለዚህ ለቤተሰብ ፎቶ የሚመረጠው ቀጠሮ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው፦ ሰዉ እስኪሰበሰብ ግማሽ ሰዓት፣ ትልቁ ስብስብ በዛፍ ጥላ አንድ ሰዓት፣ የመጨረሻው ብርሃን ለባልና ሚስት ወይም ለልጆች ብቻ።

የሰዓት አቆጣጠሩ ራሱ ጣጣ አለው። ከሜሪላንድ ለጥምቀት የመጣ ልጅ በስልክ «4 ሰዓት» ሲል የከሰዓቱን 10 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ እናቱ ደግሞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ለብሰው ይጠብቃሉ። ቀጠሮ ሲያዝ «ከምሳ በኋላ፣ በሐበሻ 10 ሰዓት ተኩል» ተብሎ በጽሑፍ ይላካል፤ ቀብዱም ያኔ ይከፈላል። ማን ከማን ጋር እንደሚነሣ የሚያሳይ ዝርዝርም አብሮ ይጠየቃል። ዝርዝሩን የሚያነብ፣ ስም የሚጠራ አንድ የቤተሰቡ ሰው ካልተመደበ ፎቶ አንሺው «ያ ቡኒ ኮት የለበሱት ጋሼ» እያለ ግማሹን ጊዜ ይፈጃል።

ማንሣት

መጀመሪያ የሚነሡት አዛውንትና ሕፃናት ናቸው፤ ሁለቱም ቶሎ ይደክማሉ። ለአዛውንት መቀመጫ ከቤት ይዞ መሄድ ደንብ ነው። ጓሮ ውስጥ ያለ በርጩማ ዝቅ ስለሚል ቀሚሱ ይከመራል፤ መደገፊያ ያለው የምግብ ቤት ወንበር ይሻላል።

ነጠላ የዚህ ሥራ ትልቁ ፈተና ነው። የካሜራው መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት ስድስት ሴቶች ሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ሲቆሙ «በጣም በራ» ብሎ ያጨልማል፤ ነጩ ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱም ይጠፋል። ለፊት ብሎ ብርሃን ሲጨመር ደግሞ የነጠላው ሽመና ተቃጥሎ ወረቀት ይመስላል። መፍትሔው ከፀሐይ ወጥቶ ጥላ መግባት፣ የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ መክፈት፣ እና በሮው (ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) ማንሣት ነው። 14 ቢት ሮው ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 ደረጃ ሲይዝ የተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ፋይል፣ ጄፔግ፣ 256 ብቻ ይይዛል። ጄፔግ ይበቃል የሚሉ ጎበዞች አሉ፤ በፍጥነታቸው እቀናለሁ፣ በነጠላ ፊት ግን አልስማማም።

አንድ ምሽት እንጦጦ ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው ተቀምጠዋል። ከላይ የሚመጣውን ብርሃን ጨርቁ ከልሎት ዓይናቸው አይታይም። «እማማ፣ ነጠላውን ትንሽ ወደ ኋላ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ብርድ ነው፣ አንተ ልጅ!» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ሪፍሌክተሩን መሬት ላይ አንጥፋ ያዘችው፤ ብርሃኑ ከታች ተመልሶ ዓይናቸው ውስጥ ገባ፣ ነጠላውም ሳይነካ ቀረ። ሪፍሌክተር ከሌለ ነጭ ጋቢ መሬት ላይ ቢነጠፍ ያንኑ ይሠራል።

የባሕር ዛፍ ሥር ሌላ ችግር አለ። በምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ለእንጦጦ ጥላ ሰጥቷል፤ በቅጠሉ ያለፈው ብርሃን ግን ፊት ላይ አረንጓዴ ይጥላል። ብርሃኑ በተቀየረ ቁጥር አንድ ሰው ግራጫ ካርድ ይዞ አንድ ፎቶ መነሣት አለበት፤ ቀለሙ በኋላ የሚታረመው በዚያ ነው።

ሁለት ረድፍ ሆኖ የቆመ ቤተሰብ ከኤፍ/5.6 እስከ ኤፍ/8 አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል) ይፈልጋል፤ በኤፍ/1.8 ቢነሣ የፊተኞቹ ጠርተው የኋለኞቹ ይደበዝዛሉ። ልጅ ካለ ሸተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ፍጥነት) ከ1/250 ሰከንድ ባይወርድ ይመረጣል። ስንት ጊዜ ይነሣ ለሚለው የአውስትራሊያው የሳይንስ ምርምር ተቋም ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. ሁለት ባልደረቦች፣ ኒክ ስቬንሰንና ፒርስ ባርንስ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ኢግ ኖቤልን፣ ለሚያስቅ ግን ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠውን ሽልማት፣ ያገኙበት ስሌት አለ፦ ከ20 ሰው በታች ሲሆን የሰዉን ብዛት ለ3 አካፍል፣ ብርሃን ካነሰ ለ2። 12 ሰው በደህና ብርሃን አራቴ ቢነሣ ማንም ያልተጨፈነበት አንድ ፎቶ መገኘቱ አይቀርም እንደ ማለት ነው። ስሌቱ የሦስት ዓመት ልጅን የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እኔ እጥፍ አደርገዋለሁ።

ዝርዝሩ ውስጥ ባይኖርም አዛውንቶቹ አንድ በአንድ፣ ከወገብ በላይ፣ ለብቻቸው ይነሣሉ። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይናገረውም። ከቡድን ፎቶ ተቆርጦ የወጣ፣ ትከሻው ላይ የሌላ ሰው እጅ የቀረበት የለቅሶ ፎቶ ያላየ የለም።

መገልበጥና መሰየም

በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ 500 ያህል ፎቶ ይነሣል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንዱ ሮው 30 ሜጋባይት ገደማ ቢሆን 15 ጊጋባይት ነው። ይህ ሁሉ የዚያን ዕለት ማታ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይገለበጣል፤ አንዱ ዲስክ ሌላ ቤት ያድራል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚለው ደንብ በየአገሩ የታወቀ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ግዴታ ነው።

ይህን የተማርኩት በዋጋ ነው። ሚሞሪውን እየገለበጥኩ ሳለ መብራት ጠፋ። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ፎልደሩ አለ፣ ውስጡም ፎቶ አለ፤ ሁሉም የተገለበጠ መሰለኝና ሚሞሪውን ፎርማት አድርጌ ለሌላ ሥራ ወጣሁ። ከ480ው የተገለበጠው 190 ብቻ ነበር። በማስመለሻ ፕሮግራም የተወሰነው ወጣ። ቤተሰቡ ደጎች ስለነበሩ በሳምንቱ በነፃ ደገምኩላቸው፤ ታላቅ ወንድምየው ግን ወደ ዋሽንግተን ተመልሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ይህ ነው፦ በላፕቶፕ ባትሪ መገልበጥ፣ በሁለቱም ዲስክ ላይ የፎቶውን ቁጥር ማመሳከር፣ ፎርማትን ከኮምፒውተር ሳይሆን ከካሜራው፣ ያውም ለሚቀጥለው ሥራ ሲወጣ ብቻ ማድረግ።

ስም አወጣጥ ላይ ስምምነት የለም። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ነው፤ ጳጉሜን የሚባል 13ኛ ወር የለውም። ፎልደሩን በ«2017-05-11» የሰየመ ሰው ጥር 11 ማለቱ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን ግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ብሎ ያነበዋል። ይህ ጸሐፊ ፎልደሩን በፈረንጅ ቀን «2025-01-19» ይልና የኢትዮጵያውን ቀን፣ የበዓሉን ስምና የቤተሰቡን ስም በቁልፍ ቃል ይጨምራል። ደንበኛ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲደውል «የጥምቀት ለታ» ይላል እንጂ ቁጥር አይጠራም።

ለቀማና እርማት

ለቀማ በሁለት ዙር ይሄዳል። በመጀመሪያው የተጨፈነ፣ የደበዘዘና ጀርባ የሰጠ ይወጣል፤ በሁለተኛው ከእያንዳንዱ ስብስብ አንድ ወይም ሁለት ይቀራል። ከ500 ወደ 40 መውረድ የተለመደ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ላይትሩም የተባለ የፎቶ ማደራጃና ማረሚያ ፕሮግራም፣ ወይም በነፃ የሚገኘው ዳርክቴብል፣ ዋናውን ፋይል ሳይነካ እርማቱን ለብቻ ስለሚመዘግብ ስህተት ቢሠራ ይመለሳል።

ቅደም ተከተሉ ቀለም፣ ብርሃን፣ ቆረጣ፣ በመጨረሻም ቆዳ ነው። ቆዳ ላይ ጭቅጭቅ አለ። ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ኅትመት ቤቶች ቀለም ማመሳከሪያ ይልክ የነበረው የ«ሸርሊ» ካርድ ነጭ ሴት የተነሣችበት ነበር፤ ያ የነጭ ቆዳ ልክ ዛሬም በፕሮግራሞቹ ውስጥ በተዘጋጁ ማጣሪያዎች ውስጥ እንዳለ የሚከራከሩ አሉ፣ ሳይሆን አይቀርም። ደንበኛም ራሱ «ትንሽ ቀላ አድርገኝ» ይላል። የባሰው ግን ፊት ማለስለሻው ነው፦ የእናቶችን የአንገት ንቅሳት እንደ እድፍ ቆጥሮ ያጠፋዋል። ንቅሳት ያላቸው እናት ፎቶ በአንድ ቁልፍ አይታረምም፤ በእጅ፣ አንገቱ ተከልሎ ነው።

ማስረከብ

ፎቶው ኤስአርጂቢ በተባለው፣ ስልክና ኮምፒውተር በሚያሳዩት የተለመደ የቀለም ልክ፣ ጄፔግ ሆኖ ይወጣል። በቴሌግራም ሲላክ «እንደ ፋይል» መላክ አለበት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ያሳንሰዋል፣ ያንን ወስዶ ያሳተመ ሰውም ኅትመቱ ሲደበዝዝ ጥፋቱን ለፎቶ አንሺው ይሰጣል። ውጭ አገር ላሉት የጉግል ድራይቭ ሊንክ ይላካል።

ለግድግዳ የሚታዘዘው 20 በ30 ወይም 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው። በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 30 በ40 የሚፈልገው 3,543 በ4,724 ፒክስል ስለሆነ ባለ 24 ሜጋፒክስሉ ይበቃል። ልኩ ግን አይገጥምም፦ ካሜራው 2 ለ3፣ ፍሬሙ 3 ለ4 ነው፤ ከርዝመቱ 11 በመቶ ያህል ይቆረጣል። ዳር የቆመችው እኅት ትከሻዋ ፍሬም ውስጥ የሚጠፋው በዚህ ነው። ስለዚህ ሲነሣ በሁለቱም ዳር አንድ ሰው የሚያቆም ባዶ ቦታ ይተዋል። 20 በ30 ሳይቆረጥ ይገባል።

ኅትመቱ ሲወሰድ ከጀርባው በእርሳስ ቀኑ፣ የተነሡት ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ፣ የፎልደሩም ስም ይጻፋል። ጋሼ በፖስታው ላይ የሚጽፉት ቁጥር እንደዚሁ ከታች በስተቀኝ ነበር።