የላንቃ መሰንጠቅ ምንድን ነው?

ላንቃ የአፍ ጣሪያ ነው፤ ፊተኛው ክፍሉ አጥንት ያለበት፣ እስከ እንጥል የሚዘልቀው ኋለኛው ክፍሉ ደግሞ ለስላሳ ጡንቻ ነው። ከ6ኛው እስከ 9ኛው የእርግዝና ሳምንት ባለው ጊዜ ከግራና ከቀኝ የሚያድጉት ሁለቱ የላንቃ ክፍሎች መካከል ላይ ካልገጠሙ፣ ሕፃኑ አፉንና አፍንጫውን የሚያገናኝ ክፍተት ይዞ ይወለዳል። መንስኤው ብዙውን ጊዜ የዘርና የሌሎች ነገሮች ድምር ሲሆን፣ በእርግዝና ወቅት ሲጋራ ማጨስና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች አደጋውን ይጨምራሉ፤ እርግማን የሚባለው መሠረት የለውም።

ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሕፃን ገና ሲወለድ ይታወቃል፤ ላንቃው ብቻ የተሰነጠቀው ግን ፊቱ ላይ ምንም ስለማይታይ ሳይታወቅለት ወደ ቤት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የአራስ ምርመራ ምላሱን ዝቅ አድርጎ በባትሪ እስከ እንጥሉ ማየትን ይጨምራል። ጡት ለመሳብ አፍ መታተም አለበት፤ ጣሪያው ክፍት የሆነ ሕፃን ጡቱን ቢጎርስም ስለማይስበው ቶሎ ይደክማል፣ ወተቱም በአፍንጫው ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሕፃን «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ወደ እንጥል ቆራጭ መውሰድ፣ መድማትንና ኢንፌክሽንን በተራበ ገላ ላይ መጨመር ነው።

እስከ ቀዶ ሕክምናው ድረስ ዋናው ሥራ ክብደት ማስጨመር ነው። እናትየው የጡቷን ወተት አልባ፣ ልጁን ቀና አድርጋ በመያዝ፣ በደንብ በታጠበና በተቀቀለ ሲኒ ወይም በማንኪያ ጥቂት ጥቂት ታጠጣዋለች፤ ሲኒው የታችኛውን ከንፈር ነክቶ ልጁ ራሱ እንዲጠጣ እንጂ ወተቱ ወደ ጉሮሮው እንዲፈስ አይደረግም። ከንፈር አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር፣ ላንቃ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ይጠገናል፤ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ይህ ቀዶ ሕክምና ከሚሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

የአፍንጫን ጀርባ ከጆሮ ጋር የሚያገናኘውን ቱቦ የሚከፍቱት የላንቃ ጡንቻዎች ችግር ስላለባቸው፣ በጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ መስማትን ሊቀንስ ስለሚችል ጆሮውም ክትትል ያስፈልገዋል። ንግግር ደግሞ የራሱ ጉዳይ ነው። «በ» እና «ደ» ትንፋሹ በአፍ ታምቆ የሚወጡ ድምፆች ናቸው፤ በአፍንጫ ካመለጠ «መ» እና «ነ» ይመስላሉ፣ «ዳቦ» ያለው ልጅ «ናሞ» ያለ ሆኖ ይሰማል። ላንቃው ከተገጠመ በኋላም ልማዱ ሊቆይ ስለሚችል፣ አንዳንዱ ልጅ ድምፆቹን ከንግግር ሕክምና ባለሙያ ጋር አንድ በአንድ ይለማመዳል።