ሰኔ 30 በካቶሊክ የወንዶች ትምህርት ቤት፦ የዓመት መዝጊያና የመምህራን ምስጋና በሐረርና በድሬዳዋ

በሐረርና በድሬዳዋ ያሉ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ዓመታቸውን የሚዘጉት፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ትምህርት ቤት ሁሉ፣ በሰኔ ማብቂያ ነው። ተማሪው ካርዱን ይቀበላል፤ ዳይሬክተሩ የዓመቱን ወሬ ለወላጅ ይናገራል፤ መምህራኑም ይመሰገናሉ። ምስጋናው ብዙ ጊዜ በፕሮግራሙ መጨረሻ ስለሚመጣ ይጣደፋል። ቀደም ብሎ ቢመጣ ተገቢ ነበር፤ ምክንያቱም በዚህ አካባቢ የሚስዮን ትምህርት ታሪክ ራሱ የመምህራን ታሪክ ነው።

ካፑቺን የሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ሚስዮናውያን በአቡነ ታውረን ካኛ መሪነት ሐረር የገቡት እ.ኤ.አ. በ1881 ከተማዋ በግብፆች እጅ ሳለች ነው። ከዓመት በኋላ አንድሬ ዣሮሶ ተከተሉ፤ ሐረሮች አባ እንድርያስ የሚሏቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1900 ጵጵስና ተሹመው እስከ 1930ዎቹ ማብቂያ ድረስ ሚስዮኑን መርተዋል። ራስ መኰንን ለልጃቸው ለተፈሪ አስተማሪ በፈለጉ ጊዜ ከእኚሁ ጳጳስ ዘንድ የመጡት አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነበሩ። አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ከደጃዝማች ተፈሪ ጋር የተሳፈሩባት ጀልባ ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ስትሰጥም ሞቱ። ተማሪያቸው ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ስለ እሳቸው ሲጽፉ፣ እንደ ንብ ከማንም ዕውቀት የሚቀስሙ ሰው እንደነበሩ አስታውሰዋል። ከዚያ ወዲህ በዚህ አካባቢ ለአንድ መምህር ከዚህ የበለጠ ምስጋና ተጽፎ ከሆነ አላየሁም።

ድሬዳዋ የመጣችው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ ነው። የሚስዮን ትምህርት ወንዶቹን ለካህናት አባቶችና ለገዳማውያን ወንድሞች፣ ሴቶቹን ለደናግል የሚሰጥበት ልማድ በሁለቱም ከተሞች ነበር። ወንዶችና ሴቶች አብረው መማራቸው ቢለመድም፣ የድሮው የወንዶች ትምህርት ቤት ጠባይ በሰልፉ፣ በደወሉና በኳስ ሜዳው ላይ ዛሬም ይታያል።

እነዚህን ትምህርት ቤቶች የካቶሊክ ልጆች ብቻ የሚማሩባቸው አድርጎ የሚገምት ይሳሳታል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በድሬዳዋ አስተዳደር ከመቶ ሰባው ሙስሊም፣ ሩብ ያህሉ ኦርቶዶክስ ሲሆን ካቶሊኩ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ይደነግጋል። ስለዚህ የምስጋና ቅዳሴ ሲኖር ለምእመናኑ ነው፤ የመዝጊያው በዓል ግን የሁሉም ነው። ለመምህር ምስጋና ማቅረብም ከውጭ የመጣ አይደለም። ልጅ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ የኔታን ደግሶ ያበላል፤ ቁርዓን ሲያኸትምም እንዲሁ ለአስተማሪው ይደገሳል። የካቶሊኩ ልማድ ያገኘው ይህን የተዘጋጀ መሬት ነው። ቤተ ክርስቲያኗ በበኩሏ ዮሐንስ መጥምቅ ደ ላ ሳልን እ.ኤ.አ. በ1950 የመምህራን ጠባቂ ቅዱስ ብላ ሰይማለች።

ዓለም አቀፉ የመምህራን ቀን መስከረም 25 ላይ ይውላል፤ እዚህ ግን ያን ጊዜ ትምህርት ገና መጀመሩ ነው፣ መምህሩም የልጆቹን ስም እንኳ አልያዘም። ምስጋናው ሰኔ ላይ የሚያምረው ለዚህ ነው፦ ሥራው ታይቷል።

ከሥራው ሁሉ ከባዱና ማንም የማያየው ሮስተር፣ ማለትም የክፍሉ ተማሪዎች ውጤት ሁሉ የሚሰፍርበት መዝገብ ነው። ፈተና ካለቀ በኋላ ተማሪው ቤቱ ሲተኛ የክፍል ኃላፊው የእያንዳንዱን ትምህርት ማርክ ከየመምህሩ ይሰበስባል፤ የሁለቱን ሴሚስተር ውጤት ደምሮ አማካዩን ያወጣል፤ ደረጃ ይሰጣል፤ ጠባይና የቀረበትን ቀን ይሞላል፤ ከዚያ ካርዱ ላይ ይገለብጣል። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ የአምስተኛው ልጅ ደረጃ ለስድስተኛው ይሄዳል፤ ወላጅም በማግስቱ በር ላይ ነው። ኮምፒዩተር የገባበት ትምህርት ቤት ድካሙ ቢቀልለትም፣ ማርኩን አንድ በአንድ ማመሳከሩ ዛሬም የሰው ዓይን ይፈልጋል።

የድሬ ሙቀት ስለማያመች በዓሉ በጠዋት ይጀመራል፤ ወላጆች ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ዳይሬክተሩ ስንት ተማሪ እንደተዛወረ፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪና የ12ኛ ክፍል ፈተና ዝግጅት እንዴት እንደነበረ፣ ክረምቱን የሚታደሰው ክፍል የትኛው እንደሆነ፣ የመስከረም ምዝገባ መቼ እንደሚከፈት ይናገራል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት በስማቸው እየተጠሩ ደብተርና እስክሪብቶ ይቀበላሉ። ግቢው ውስጥ ደግሞ «አቦ፣ ስንተኛ ወጣህ?» ነው ወሬው።

የመምህራኑ ተራ ሲደርስ ወላጅና መምህር ኅብረቱ ያዋጣው ስጦታ ይቀርባል፦ ጋቢ፣ የእጅ ሰዓት፣ የምስጋና ወረቀት፣ አንዳንዴም በፖስታ ገንዘብ። 60 ዓመት ሞልቶት ጡረታ የሚወጣ ካለ ካባ ይደረብለታል፤ ከቀድሞ ተማሪዎቹ አንዱ ሊናገርለት ይነሣል። እኔ ከሁሉ የማከብረው ግን ደወል የሚደውለውን ዘበኛ፣ የጽዳት ሠራተኛዋንና የመዝገብ ቤት ጸሐፊዋን በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤትን ነው። ልጁ ጠዋት ሲያረፍድ የሚያገኘው መጀመሪያ ዘበኛውን ነው፤ ለምን እንዳረፈደ የሚያውቀውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የወንዶች ትምህርት ቤት ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ዓመቱን ሙሉ «ሰኔ 30 እንገናኝ» ሲባባሉ የከረሙ ልጆች ቂማቸውን የሚወጡት ከበሩ ውጭ በዚያን ቀን ነው። ስለዚህ ጋቢ የተሸለመው መምህር ጋቢውን ለባልደረባው አስይዞ በር ላይ ይቆማል፤ ልጆቹንም በየሰፈራቸው ከፋፍሎ፣ የከዚራውን ለብቻ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ወደ መጋላ የሚሄደውን ለብቻ፣ የሳቢያኑን ለብቻ ያሰናብታል።

ግቢው ባዶ ሲሆን መምህራኑ ቡና ይጠጣሉ። ሮስተሩ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት መዝገብ ቤት ይገባል። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጅቡቲ ወይም ሌላ አገር የሚኖር ሰው ትራንስክሪፕት ፈልጎ ሲጽፍ፣ ጸሐፊዋ የምታወጣው ያንኑ ወረቀት ነው፤ ከግርጌውም የክፍል ኃላፊው ስምና ፊርማ አለ።