የቀላል ቪዲዮ ጌም ሐሳብ፦ ከየት ይመጣል?

ቀላል ቪዲዮ ጌም የሚባለው መመሪያ ሳይነበብ የሚገባ ጨዋታ ነው። አንድ ስክሪን፣ ሁለት ሦስት ቁልፍ፣ አንድ ዋና ድርጊት፤ በቃ። ረጅም ታሪክም ሆነ ሰፊ ዓለም የለውም። የሚቆመው በሐሳቡ ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ሐሳብ ማፍለቁ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ሥራ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የትኛው ነው በሚለው ላይ ክርክር አለ። በ1958 የፊዚክስ ሊቁ ዊሊያም ሂጊንቦታም በአሜሪካው ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ለመጡ ጎብኚዎች በኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ቴኒስ አጫውቷል። አንዳንዶች ግን የቪዲዮ ሲግናል ስላልተጠቀመ አይቆጠርም ይላሉ። በ1962 ደግሞ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ወጣቶች «ስፔስዋር» የተባለውን የጠፈር ውጊያ ጌም ሠሩ።

ለእኔ ወርቃማው ዘመን ከ1972 እስከ 1984 ያለው ነው። የጌም ኩባንያው አታሪ ገና ሲመሠረት መሥራቹ ኖላን ቡሽኔል አዲሱን መሐንዲስ አለን አልኮርንን «እጅህን አፍታታ» በሚል ዓይነት የፒንግ ፖንግ ጌም አሠራው። «ፖንግ» የወጣው ከዚህ ልምምድ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያው ማግናቮክስ ሐሳቡ ራልፍ ቤር ከፈለሰፈው «ኦዲሲ» የተባለ የቤት ጌም ማሽን የተወሰደ ነው ብሎ ከሰሰ፤ ጉዳዩም በ1976 በስምምነት አለቀ። የሐሳቡ ባለቤት ማንም ይሁን፣ ጨዋታውን ያጣፈጠው የአልኮርን እጅ ነው። መምቻዋን በስምንት ከፋፈላት። ኳሷ መሃሏን ስትነካ ቀጥ ብላ ትመለሳለች፤ ጫፏን ስትነካ ገደድ ብላ ትፈናጠራለች። ምልልሱ ሲረዝም ኳሷ ትፈጥናለች። በሰርኪዩቱ (በኤሌክትሪክ ዑደቱ) ጉድለት የተነሳ መምቻዋ የስክሪኑ ጫፍ ድረስ አትደርስም ነበር። አልኮርን ጉድለቱን አላስተካከለውም። ሁሉን ኳስ መመለስ ከተቻለ ጨዋታው አያልቅማ!

በ1978 ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በ«ስፔስ ኢንቬደርስ» ተመሳሳይ ነገር ገጠመው። ሃምሳ አምስቱን ጠላቶች በአንዴ ማንቀሳቀስ ለማሽኑ ከበደው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያዘግማሉ። እየተመቱ ሲቀንሱ ማሽኑ ይቀለዋል፣ እነሱም ይፈጥናሉ። የመጨረሻው አንድ ሲቀር ልብ ይሰቅላል። ይህንንም ሳይነካው ተወው።

ቶሩ ኢዋታኒ ደግሞ በ1980 ተኩሱን ትቶ «መብላት» ከሚለው ቃል ተነሣ። «ፓክማን» ተወለደ። የዋናው ገጸ ባሕርይ ቅርጽ የመጣው ቁራሽ ከተነሳለት ፒዛ ነው ይባላል። እሱ ራሱ ግን «አፍ» የሚለው የጃፓን ፊደልም ድርሻ እንዳለው ተናግሯል።

በእኔ እምነት የሁሉም ቁንጮ ሞስኮ ውስጥ በ1984 የተሠራው «ቴትሪስ» ነው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ ከአምስት አምስት ካሬ የሚገጣጠሙትን 12 የእንቆቅልሽ ቅርጾች ይወድ ነበር። ለጌም በዙበት፤ ወደ አራት ካሬ ሲያወርዳቸው ሰባት ብቻ ሆኑ። ይሠራበት የነበረው ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለ ኮምፒውተር ሥዕል ማሳየት አይችልም፤ ስለዚህ ቅርጾቹን በቅንፍ ምልክቶች ሠራቸው። ሜዳው ቶሎ እየሞላ ሲያስቸግር፣ የሞላ መስመር እንዲጠፋ አደረገ። የጨዋታው ነፍስ እዚያች ላይ ናት።

ከዚያ ወዲህ በ1997 የኖኪያ ስልክ «እባብ» ጌምን ወደ ኪስ አስገባ።

«የኔ ሐሳብ ነው» የሚለው ጭቅጭቅ ዛሬም አልበረደም። በ2014 «ትሪዝ» የተባለው ቁጥር የማዋሃድ ጌም ከወጣ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ተመሳሳዩ «2048» መጣ፤ ገብርኤሌ ቺሩሊ የሠራው በአንድ ቅዳሜና እሁድ ነው። አንዱ ኩረጃ ሲለው ሌላው መነሻ መዋስ ይለዋል። የቅጂ መብት ሕግ የጨዋታን ሐሳብ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የቀረበበትን መልክ ነው። በ2012 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በቴትሪስ ጉዳይ ይህን ልዩነት ይዞ፣ መልኩን የቀዳውን ድርጅት ጥፋተኛ አድርጎታል።

ዛሬ ሐሳብ አፍላቂዎች በአብዛኛው ከአንድ ግሥና ከአንድ ክልከላ ይነሳሉ፦ ዝለል፣ ግን መቆም የለም። ግፋ፣ ግን መሳብ የለም። በወረቀትና በሳንቲም ሞክረው ካላዝናና ኮድ አይጽፉም። ማሽኑ አሁን ሁሉን ስለሚችል እጥረቱን ራሳቸው ይፈጥራሉ። ከ2002 ጀምሮ በሚካሄደው «ሉደም ዳሬ» ውድድር ርዕሱ የሚነገረው ሰዓቱ ሲጀምር ነው። ለብቻው የሚወዳደር ሰው ከዚያች ደቂቃ አንስቶ 48 ሰዓት አለው፤ ኮዱንም፣ ሥዕሉንም፣ ድምፁንም ራሱ ይሠራል።