ጣቢያ በር ላይ የሚሰሙ ስህተቶች፦ ስለ እስር፣ ስለ ቃልና ስለ ዕርቅ

ደሴም ይሁን ወልዲያ ሰው ሲያዝ ቤተሰብ ስንቅ ቋጥሮ ወደ ጣቢያ ይሮጣል። ደግ ነው፤ ግን እስክሪብቶም ይያዝ። የተያዘበት ሰዓት፣ የመርማሪው ስም፣ የመዝገቡ ቁጥር፦ እነዚህ ሦስቱ ያልተጻፉበት አቤቱታ ጉልበት የለውም።

«ምርመራው እስኪያልቅ ፖሊስ ማቆየት ይችላል።» አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ቆጠራው የሚጀምረው ከተያዘበት ሰዓት ነው፤ መዝገቡ ከተከፈተበት አይደለም። ዓርብ ማታ 2 ሰዓት የተያዘ፣ እሁድ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይሞላዋል። የማይታሰበው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ከለጋምቦ ገጠር ወረዳ ከተማ መድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ «መኪና የለም» እየተባለ የሚያልፍ ሳምንት ግን ጉዞ አይባልም።

ጊዜው አልፎ ካልቀረበ፣ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አለ፤ ያለ አግባብ የተያዘ ሰው እንዲፈታ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ነው። እስረኛው ራሱ መጻፍ ካልቻለ ሌላ ሰው በቃለ መሐላ ያቀርብለታል፦ ማን እንደያዘው፣ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚመሰክር ዘርዝሮ።

«ዳኛ ፊት ከቀረበ ይፈታል» ማለትም ስህተት ነው። ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ምርመራውን ለመቀጠል ተጨማሪ የማቆያ ቀን፣ ይጠይቃል። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንዱን ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ገድቧል፤ ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ ግን አልገደበም። ቀዳዳው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በየቀጠሮው «ባለፉት ቀናት ምን ተሠራ? የትኛው ምስክር ቀረ?» ተብሎ ይጠየቅ፣ መልሱም መዝገብ ላይ ይስፈር።

«ጣቢያ ያመነ አለቀለት።» ተገዶ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት አይያዝም። ዝም ማለትም መብት ነው፤ ጥፋተኛነትን ማመን አይደለም። የተመታ ሰው መጀመሪያ ዳኛ ፊት በቀረበበት ዕለት ይናገር፣ ሐኪም እንዲያየውም ይጠይቅ፤ ሰንበር በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ቃሉ በሚገባው ቋንቋ ሳይነበብለት አይፈርም። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ የተያዘ አፋርኛ ብቻ የሚሰማ ነጋዴ በአማርኛ የተጻፈ ቃል ላይ ቢፈርም፣ ፊርማው መረዳቱን አያሳይም።

«አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ ሁሉ ይፈቀዳል።» በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ሲታወጅም ይህ ተወርቷል። በአንቀጽ 93 መሠረት ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 በአስቸኳይ ጊዜም አይታገድም።

የወሎ ሰው አጥብቆ የሚይዘው ግን ይህን ነው፦ «አበጋር ካስታረቀ ክሱ ይዘጋል።» አበጋር፣ ማለትም በወሎ ባህል የተጣላን የሚያስታርቅ አባት፣ እና ሽማግሌ ደም ያደርቃሉ፣ ቂም ያስቆማሉ፤ ይህን ፖሊስ አይተካውም። ክሱን የመተው ሥልጣን ግን የተበዳዩ የሚሆነው በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጡ እንደ ስድብ ባሉ ቀላል ወንጀሎች ነው። በግድያ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ፣ ካሳ ተከፍሎ በግ ቢታረድም ክሱ ይቀጥላል። ያም ሆኖ ዕርቁ ከንቱ አይሆንም፤ መጸጸትና ካሳ መክፈል ቅጣት ያቀላል። ለዚህ ግን የካሳው መጠንና የሽማግሌዎቹ ፊርማ ያለበት ጽሑፍ ፍርድ ቤቱ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት መዝገቡ ውስጥ መግባት አለበት።