ለሳኦል አልቅሱ

ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው በትንሣኤ ዕለት ነው፤ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.። ቤተ ክርስቲያን «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» እያለች ሀገሩ ለቅሶ ተቀመጠ። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበር የወጣው ሕዝብ እስከ ዛሬ ይወራል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሰው ፋሲካና ጥላሁን አብረው ነው የሚመጡት። እዚህ ጅማም ያው ነው። በበዓሉ ሰሞን ከፈረንጅ አራዳ ወደ ቆጪ ባጃጅ ብትይዙ ድምፁን ሳትሰሙ አትወርዱም። በአማርኛም በኦሮምኛም የዘፈነ ሰው ነውና ከተማችን በሁለቱም ቋንቋ ይናፍቀዋል።

ዛሬ ስለ ዘፈን ላስተምር አይደለም። ስለሚያለቅሱ ሰዎችና እኛ ስለምንናገራቸው ነገር ነው።

በዚሁ በበዓለ ሃምሳ አንድ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ቄጤማው እንደተጎዘጎዘ ነው። ቶናው ሊቀዳ ሲል ሬዲዮው ጥላሁንን ለቀቀው። የቤቱ እናት ጀበናውን ማቶቱ ላይ መለስ አደረጉና በነጠላቸው ጥለት ዓይናቸውን ይጠርጉ ጀመር። ከእኛ አንዱ፣ መዝሙር የሚያገለግል ወጣት፣ «እማማ፣ በትንሣኤ ለዘፋኝ ያለቅሳሉ እንዴ? ገነት የገባ መስሎዎት ነው?» አላቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። አጠገባቸው የነበሩት ሙስሊም ጎረቤታቸው ግን ትከሻቸውን ይዘው «አብሽሪ እህቴ» አሏቸው። ጀበናውንም አንስተው ለሁላችንም ቀዱልን።

የእኚህ እናት ባለቤት ከጅማ አዲስ አበባ ቡና የሚያመላልሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። የጥላሁን ካሴት ከመኪናቸው ወርዶ አያውቅም። አሁን እሳቸውም የሉም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ማን ይነግረዋል? ሰው የሚያለቅሰው የራሱን ሙት ነው። ለባላቸው ያላለቀ እንባ ነበራቸው፤ በዘፋኙ ሰበብ ወጣ። ልጃችን ግን ይህን ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አልወሰደም፤ ፈረደ።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ይህ ነገር በእኛ መካከል በዝቷል፤ እኔም አዝኛለሁ። ገላትያ ምዕራፍ 5ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዘፋኝነት በሥጋ ሥራ ዝርዝር ውስጥ ተጽፏል፤ እኔም አልክድም። ግን እዚያው ዝርዝር ላይ ጥል አለ፣ ክርክር አለ፣ ቁጣ አለ፣ መለያየት አለ፣ ምቀኝነት አለ። ለምንድን ነው ጣታችን ሁልጊዜ አንዷ ቃል ላይ ብቻ የሚያርፈው? ዓመቱን ሙሉ ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ የሚቀድስ፣ የሞተውን ዘፋኝ ሲኦል ለማስገባት ማን ቁልፍ ሰጠው?

ስለ ሙታን ለመናገር ስፈልግ የምመለሰው ወደ ዳዊት ነው፤ ወደ ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1። ሳኦል ማን እንደነበር አስቡ። ዳዊትን በጦር ሊወጋው የወረወረ፣ በየምድረ በዳው ያሳደደው ነው። እግዚአብሔርን ያሳዘነ፣ መናፍስት ጠሪ ዘንድ የሄደ ንጉሥ ነው። በገዛ ሰይፉ ላይ ወድቆ ሞተ። ስለ ነፍሱ መጥፎ ለመናገር ከዳዊት የበለጠ ምክንያት የነበረው ሰው የለም። ዳዊት ምን አደረገ? ልብሱን ቀደደ። እስከ ማታ ጾመ። አለቀሰ። ከዚያም ገጣሚ ነውና ሙሾ አወጣለት። «የእስራኤል ሴቶች ልጆች ሆይ፣ ለሳኦል አልቅሱ» አለ። የሳኦልን ኃጢአት በዚያ ሙሾ ውስጥ ፈልጉ፤ አንድም አታገኙም። ፍርዱን ለባለቤቱ ትቶታል። ሙሾውንም የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዘዘ። ሳኦልን በዓይናቸው ያላዩ ልጆች፣ ከዓመታት በኋላ፣ ለሳኦል እንዲያዝኑ!

ስለዚህ «ይሄን ያህል ዓመት አልፎት እስካሁን?» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትሸማቀቁ። ቤተ ክርስቲያናችንም በሦስተኛው ቀን፣ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመት፣ በሰባት ዓመት ሙታንን የምታስበው ኀዘን በአንድ ጊዜ እንደማያልቅ አውቃ ነው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት እንኳ አስቀድማ በሆሳዕና ትጸልያለች። ገና ላልሞተው የምታስብ እናት ለሞተው የሚያለቅሰውን ትቆጣለች?

የዳዊት ኀዘን ግን በእንባ አልቀረም። ምዕራፍ 9ን ክፈቱ። የሳኦል ልጅ፣ የዳዊት የልብ ወዳጅ ዮናታን ሲሞት ልጁ ሜምፊቦስቴ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር። ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ሽባ ሆነ። ምዕራፍ 9 ላይ ስንደርስ ያ ሕፃን አድጎ ራሱ ልጅ ወልዷል። ይህን ያህል ጊዜ አልፏል ማለት ነው። ያኔ ነው ዳዊት «ስለ ዮናታን ቸርነት አደርግለት ዘንድ ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው አለን?» ብሎ የጠየቀው። ሰውየውን ከሎዶባር፣ ከሰው ቤት፣ አስመጣውና በገዛ ማዕዱ አስቀመጠው። ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ዳዊት ዮናታንን ምን ያህል እንደናፈቀው የገባኝ ከሙሾው ይልቅ በዚህ ነው።

እናንተም የምትወዱት ዘፋኝ ከናፈቃችሁ በዓሉን በስሙ ጠጥታችሁ አትደሩ። ያ እሱን አይጠቅመውም፣ እናንተንም ይጎዳል። ጸልዩለት። የክርስትና ስሙን ባታውቁ እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ «ነፍሱን አሳርፍ» በሉ። በስሙ ለአንድ ድኃ ዳቦ ግዙ። ሐዋርያው «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች እንዳታዝኑ» ያለው ለእኛ ነው፤ ማዘኑን አልከለከለንም። ያቺን ዜማ ሰምታችሁ አባታችሁ፣ ባላችሁ፣ ጓደኛችሁ ትዝ ካላችሁ አልቅሱ። ክርስቶስም በአልዓዛር መቃብር ሊያስነሣው ሄዶ ሳለ አልቅሷል።

ከዚያ ግን የዳዊትን ጥያቄ ጠይቁ፤ የቀረ ሰው አለ ወይ? አለ። በየከተማው፣ በጅማም ጭምር፣ ድሮ በየሠርጉ አኮርዲዮን ሲጫወቱ፣ ክራር ሲመቱ የነበሩ ሽማግሌዎች አሉ። በእነሱ ዜማ ነው ወላጆቻችን የተዳሩት። አሁን አንዳንዱ ስኳርና ደም ግፊት ይዞት ቤት ውሏል፤ አንዳንዱ የቤት ኪራይ አጥቷል። ብዙዎቹ «ዘፋኝ ነህ» ተብለው ስለተሸማቀቁ ደጀ ሰላም ከረገጡ ቆይተዋል። እንዲህ ያለ ሰው የምታውቁ፣ በዚህ ሳምንት ሂዱ። ቡናና ስኳር ያዙ፤ መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነ ተጠያየቁና አዋጡ። ወግ አስጀምሩት፤ ስለ ድሮው ሠርግ ይንገራችሁ፣ አታቋርጡት። የንስሐ አባት ከሌለው በሚቀጥለው ስትሄዱ ቄስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀጥሎም ቅዱስ ቁርባን እስኪቀበል አብራችሁት ሁኑ። ይህን ሁሉ በሕይወት ሳለ አድርጉለት።