የእሱ ኪኒን ለእሷ አይሠራም?

ባለፈው ሳምንት ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ባልና ሚስት መጡ። ሁለቱም ስኳር አለባቸው፤ ሁለቱም የአቶርቫስታቲን ማዘዣ ይዘዋል። የኮሌስትሮል ኪኒን ነው። ዋጋውን ስነግራቸው ሴትየዋ የራሳቸውን ወረቀት አራት አድርገው አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ለእሱ ብቻ ስጠው። ልብ የሚይዘው ወንዱን ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ እስቲ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አልኩና ወንበር ሳብኩላቸው። ከዚያ በኋላ ያወራነው ብዙ ሰው የሚያነሳው ስለሆነ እዚህም ላውጋችሁ።

«ልብ የሚይዘው ወንዱን ነው»

በዓለም ላይ ሴቶችን በብዛት የሚገድለው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ነገሩ ሴቶች ላይ ዘግየት ብሎ ስለሚመጣ ያታልላል። የወር አበባ እያለ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በመጠኑ ይከላከላል። ካረጡ በኋላ ግን መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚባለው፣ ከፍ ይላል። በ40 ዓመት «ደምሽ ንጹህ ነው» የተባለች ሴት በ56 ዓመቷ ያንኑ ወረቀት ይዛ ብትኩራራ አይሆንም። በእርግዝና ጊዜ ደም ግፊት ወይም ስኳር ተነስቶባት የነበረች፣ ወይም ጊዜው ሳይደርስ ያረጠች ሴት ደግሞ ይህን ለሐኪሟ መንገር አለባት። ብዙ ጊዜ ሐኪሙም አይጠይቅም፣ እሷም አታነሳም።

«እሷኮ ጮማ አትበላም» አሉ ባልየው ጣልቃ ገብተው። ኮሌስትሮልን በአብዛኛው የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው። ቀጭንም ጾመኛም ሊገኝበት ይችላል።

«መድኃኒቱ የተሠራው ለወንድ ነው»

ይቺ ሐሜት ከባዶ አልተነሳችም። አቶርቫስታቲን ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች አንዱ ነው። የስታቲን ጥናቶች ሲጀመሩ ሴቶች ጥቂት ነበሩ። በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ትልቁ የስካንዲኔቪያ ጥናት 4,444 ሰው ነበረው፤ ሴቶቹ 827 ብቻ። በዚህ ቁጥር «ለሴትስ?» ብሎ መጠራጠር ያስኬድ ነበር።

በ2015 እ.ኤ.አ. ግን የ27 ጥናቶች መረጃ አንድ ላይ ተጠቃሎ ወጣ። 174,000 ያህል ሰው፣ ሩብ የሚያህሉት ሴቶች። ኤልዲኤል በሊትር ደም በ1 ሚሊሞል (በዴሲሊትር 39 ሚሊግራም ገደማ) ሲወርድ የልብ ሕመም፣ የስትሮክና የመሳሰለው አደጋ በሴቶች በ16፣ በወንዶች በ22 በመቶ ቀነሰ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ይኸው ለወንድ ይበልጣል» ይላል። ነገር ግን ሴቶቹና ወንዶቹ በዕድሜም በሌላ በሽታም ይለያዩ ነበር። ያ ልዩነት በስሌት ሲስተካከል ይህን ያህል የሚባል ብልጫ አልተገኘም።

እንግዲህ ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በብዙ አገር በተደረጉ ጥናቶች ሴቶች ኪኒኑ ብዙም አይታዘዝላቸውም። ሲታዘዝም መጠኑ ያንሳል፤ ኤልዲኤላቸው የሚፈለገው ቦታ ሳይደርስ ይቀራል። እኔ ባንኮኒዬ ላይ ደግሞ ሌላ አያለሁ፦ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው የሴቷ ኪኒን ነው። በዚህ እበሽቃለሁ።

«ጉልበት ይበላል»

ይህን እትዬ የሰሙት ቡና ላይ ነው፣ በአቦልና በቶና መካከል። እውነት ነው፣ የጡንቻ ሕመም አለ የሚሉት ሴቶች ይበዛሉ። ግን በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ደስ ይለኛል። በሕመሙ ምክንያት ስታቲን ያቋረጡ 60 ሰዎች ለ4 ወር ስታቲን፣ ለ4 ወር መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ኪኒን ወሰዱ፤ ለ4 ወር ደግሞ ምንም አልወሰዱም። ወሮቹ ተደባልቀው ነው የተሰጧቸው። በስታቲን ጊዜ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ በአስመሳዩም ተሰማቸው። ሕመሙ አልነበረም ማለት አይደለም። ኪኒን መዋጡና ፍርሃቱ ብቻቸውን ያሳምማሉ። እውነተኛ የጡንቻ ጉዳት ብርቅ ነው፤ ግን ጡንቻ በጣም ከታመመ ወይም ሽንት ከጠቆረ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ ነው።

«ውጤቴ ተስተካክሏል፣ ላቁም» የሚሉም አሉ። ያስተካከለው ኪኒኑ ነዋ! ሲቆም ተመልሶ ይወጣል።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥንቃቄው የሴቶች ነው። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ቶሎ ለሐኪሟ ትንገር፤ አብዛኛውን ጊዜ ስታቲን ይቋረጣል።

እትዬ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ተልባዬስ?» አሉ። ተልባ ጥሩ ነው፣ ይጠጡ፤ የኪኒኑን ቦታ ግን አይተካም አልኳቸው። የታጠፈውን ወረቀት አወጡና ባንኮኒው ላይ በመዳፋቸው እያፍታቱ፣ «በል ስጠኝ። ከተልባዬ ግን አልለይም» አሉ። ባልየው ከፈሉ።