ለ70 ዘመን ኃጢአት የዘላለም ቅጣት ለምን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በየጉባኤው ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። «የሰው ዕድሜ 70፣ ቢበረታ 80 ነው። ለዚህች አጭር ዘመን በደል ማለቂያ የሌለው ቅጣት ከመሐሪ አምላክ ጋር እንዴት ይስማማል?» ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ንስሐ ሳይገባ የሞተ አባት ወይም ወንድም ያለው ነው። ስለዚህ «አትመራመር» ብለን ልንገሥጸው አይገባም።

ጥያቄው የቆየ ነው። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ ያስተማረው ኦሪጀን ቅጣቱ የሚያነጻ እንደሆነ፣ በመጨረሻም ፍጥረት ሁሉ ወደ እግዚአብሔር እንደሚመለስ ያስብ ነበር። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቴዎፍሎስ በ400 ዓ.ም. ገደማ ትምህርቱን አወገዘ። ቤተ ክርስቲያናችንም አትቀበለውም፤ ጌታችን «እነዚያም ወደ ዘላለም ቅጣት፥ ጻድቃን ግን ወደ ዘላለም ሕይወት ይሄዳሉ» ብሎ (ማቴ 25፥46) ሁለቱን አስተካክሎ ተናግሯልና። የኃጥኣንን ፍርድ ካሳጠርን የጻድቃንን ተስፋ በምን እናጸናዋለን?

በዚያው ምዕራፍ ብዙዎቻችን ሳናስተውል የምናልፈው ነገር አለ። መንግሥቱ «ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ» የተዘጋጀው ለሰው ነው። እሳቱ ግን «ለሰይጣንና ለመላእክቱ» የተዘጋጀ ነው። እግዚአብሔር ለልጆቹ ገሃነምን አላሰበም! ቅዱስ ጴጥሮስም «ማንም እንዳይጠፋ ወዶ» ይታገሣል ብሎናል። ሰው ወደዚያ የሚገባው ለሌላ ወደ ተሰናዳ ስፍራ፣ በገዛ ፈቃዱ ነው።

የቅጣቱ ርዝመትም ኃጢአቱ በፈጀው ሰዓት አይለካም። የባለጸጋውን ነገር እንመልከት (ሉቃ 16)። በነበልባል ውስጥ ሆኖ «ማረኝ» ብሏል፤ የፈለገው ግን ከሥቃዩ ማረፍን ነው። «በድያለሁ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። በደጁ በቁስል ተኝቶ የነበረውን ድሃውን አልዓዛርን ይቅርታ አልጠየቀውም፤ ይልቁንም እንደ አሽከር «ስደድልኝ» አለ። ይህ ቦታ ሁልጊዜ ያስፈራኛል። ሥቃዩ ልቡን አላዞረውም፤ በምድር እንደ ነበረ ሆኖ ቀርቷል። ነፍስ ከሥጋ ስትለይ የንስሐ ጊዜ ያበቃል፣ ፈቃድም በጸናበት ይቀራል ብለን የምናስተምረው ይህንን ነው።

እንግዲህ ንስሐ ሳይገባ የሞተብን ሰውስ? ሲኦልና ገሃነም አንድ አይደሉም፤ ሲኦል ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚቆዩበት ነው፣ ገሃነም ግን ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ ያለው የዘላለም እሳት ነው። ሞትና ሲኦል ራሳቸው በመጨረሻው ቀን በእሳት ባሕር እንደሚጣሉ ዮሐንስ አይቷል (ራእ 20፥14)። እስከዚያ ቀን ድረስ ነፍሳት የመጨረሻውን ፍርድ ይጠብቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት የምታደርገው፣ በ40ኛው ቀን ተዝካር የምናወጣው፣ በቅዳሴም ያረፉት የሚታሰቡት ስለዚህ ነው። ደግሞም በመጨረሻዋ ትንፋሽ በሰው ልብ ምን እንደ ተደረገ ከእግዚአብሔር በቀር ማን ያውቃል? በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ምሕረት ያገኘው ሊሞት ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ስለዚህ ወገናችሁ «ጠፍቷል» ብላችሁ አትፍረዱ። የክርስትና ስሙን ለካህኑ ስጡ፣ በቅዳሴ ይታሰብ፤ ለነዳያንም በስሙ ዘክሩ።